«አላውቅም» የሚል ቁልፍ

እዚህ ጌንት ውስጥ መስከረም ሲጠባ
ክረምት አይወጣም፤ ገና ነው የሚገባ።
ትራሙ ተማሪ ከድልድዩ ሲያራግፍ፣
ካፖርት ሲንጠባጠብ፣ ጃንጥላ ሲታጠፍ፣
እኔ ክፍል መቶ ዐሥራ አራት ገብቼ፣
ሠላሳ ኮምፒውተር በየተራ አብርቼ፣
ቆሜ እጠብቃለሁ። አዲስ ለገባ ሁሉ
ክፍል ሳይደለደል መለካት ነው ውሉ።

ብራም ቀድሞ ገባ፣ ጣቱ እረፍት የማያውቀው፣
«እኔንም ልትመዝን?» ብሎ ነው የሣቀው፣
«ከጡት ቀጥሎ እኮ ስክሪን ነው የማውቀው!»

እውነቱን ነው፣ ያውቃል። ጨዋታ ያውቃል፤
ሌሊቱን ሲተኩስ፣ ሲዘል፣ ሲያመልጥ ያድራል።
ግን ሠንጠረዥ ከፍተህ «ሦስት ዓምድ ደምር» ስትለው
ስልኩን ያወጣና አንድ ባንድ ነው የሚደምረው።
ያስቀመጠው ጽሑፍ የት ገባ ብለው ቢሉት
«ደመና ላይ» ይላል። ደመናው በመስኮት
ጠቁሮ ተንጠልጥሏል፣
ከዝናብ በስተቀር ፋይል የማይወርድበት።

ወይዘሮ ይርገዱ ሌሊት ትራም ጠርጋ
መጣች በቀጥታ፣ ልብስ ሳትቀይር፣ ሲነጋ።
መዳፊቱን ያዘች እንደ እንቁላል ሠግታ፣
እንዳይሰበርባት መዳፏን ዘርግታ።
«ወንድሜ፣ ፈተና እፈራለሁ» አለች፣
«ስሙም ከመከራ ነው፤ ነፍሴ ስንቱን አየች!»

ልብስ ሰፊ ሜትሩን ትከሻሽ ላይ ቢያኖር
«አጠርሽ» ሊል ነው ወይ?
ሳይለኩ መስፋት ነው ሰውን የሚያሳጥር፣
አልኳት። አላመነችኝም። ግን ቁጭ አለች።

ሠንጠረዡ ሲከፈት ዝም ብላ አየችው፣
ስሙን ቁልቁል፣ ወሩን አግድም አነበበችው፣
«ውይ! ይኼማ እቁብ ነው!»
ሰው ሁሉ ዞረ።
ዐሥራ ስድስት ዓመት የሠፈሩን እቁብ ጽፋ፣
በስኩዌር ደብተር ላይ አንድ ሳንቲም ሳይጠፋ!
በሠንጠረዥ ሦስተኛ ደረጃ። በኢሜይል ግን አንድ።
«በአንድ ራስ ሁለት ክፍል ይኬዳል እንዴ?» አለች።
ይኬዳል።

ምዘናው የመጣው በሊቨን ነው፣ አምና።
ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አንገቱ የማይቀና፣
ከበሩ ሥር የሚቀመጥ።
መምህሯ «ሥራውን አያይዛችሁ ላኩ» አለች፣
ሁሉም ያውቃል ብላ ወደ ሌላው አለፈች።
ዐሥራ አንድ ገጽ ጽፏል፣ በእጁ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።
በምን እንደሚያያዝ ማንን ይጠይቅ ደፍሮ፣ ወጥቶ?
ዙሪያውን የጣት ኮቴ ብቻ ሰምቶ
«እኔ ብቻ ነኝ» አለ በሆዱ።
አንድ ሳምንት ቀረ። ሁለት።
በኅዳር ስሙን ከዝርዝር ሰረዙት፣
«ምክንያት» የሚለውን ሣጥን ባዶ ተዉት።

በፋሲካ ሰሞን ዳቦ ቤት አገኘሁት።
መልሴን እየቆጠረ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ
ነገረኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሣንቲሙን ጨብጦ።
ትኩሱን ዳቦ ይዤ ከድልድዩ ቆምኩኝ፣
እጄ ላይ በረደ።

ለዲኗ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ምዘናው ተፈቀደ።
አንድ ነገር ለመንኩ፦ ከየጥያቄው ሥር
«አላውቅም» የሚል ቁልፍ አብሮ እንዲኖር።
«ማን ይጫነዋል?» ብላ ሣቀች።

ዛሬ፣ በተጀመረ በሩብ ሰዓቱ፣ በሩ ተከፈተ።
እጅጌው ላይ ዱቄት። ሊቨን ነው። ጥጉ ጋ ሄዶ ተጎለተ።
አንደኛውን መለሰ። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ቆየ፣ አለፈው።
ሰባተኛው ላይ ጣቱ አየር ላይ ቀረ፣
«ፋይል አያይዘው ይላኩ» ይላል ጥያቄው።
ይርገዱ መነጽሯን አወለቀች። ብራም
እግሩን መወዝወዝ አቆመ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅም።

ቀጭ።

ወረቀቱ ላይ ጻፍኩለት፦ ደረጃ አንድ፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት፤
ወንበሩ ከበሩ ራቅ ያለ፣ መስኮቱ ያለበት።
ብራምም እዚያው ነው። እስኪ ይላመዱበት።