ስልሳ

ኦርጋኑ የመጣው ከኦሃዮ ነበር፣
ምእመን አልቆባት ከተዘጋች ደብር፤
ሺህ ሁለት መቶ ቧንቧ በገለባ ታሽጎ፣
አንድ ሞተር በጆንያ፣ ዝገቱን ሸሽጎ፣
የሆላንድ ሰሜን ጫፍ፣ አፒንገዳም ገባ፣
ከቦዩ ዳር መቅደስ፣ ጣሪያው ከሚያነባ።

ሃርም፣ ቁልፍ ያዡ፣ ጫነ፤ ሞተሩ ተነሣ።
ፍራውከ ጣት ጣለች፤ ኦርጋኑ ግን ሳሳ።
አልዘመረም፣ አዛጋ፤ አላለቀሰም፣ አቃሰተ፤
ትልቁ ቧንቧ ጭራሽ አፉን እንደከፈተ
ድምፅ ሳይወጣው ቀረ፣
ስሙ ሲጠራ እንቅልፍ ላይ እንደነበረ።

«ታሟል» አለች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው።
«ታሞ ነው የሸጡልን።»
አንዱ መጥቶ «ቧንቧው ሁሉ ይቃኝ» አለ፤
አንዱ ዋጋ ጻፈ፤ ሃርም ወረቀቱን አይቶ ማለ።

እኔን የጠሩኝ ነው በስተመጨረሻ፣
የፓምፕ ጠጋኝ ነኝ፣ የወተት፣ የእርሻ።
ምድር ቤት ወረድኩ፤ ባትሪዬን አብርቼ፣
የሞተሩን ሰሌዳ በምራቅ አሽቼ
አነበብኩ፦
ስልሳ።
ግድግዳው የሚያጎርሰው ግን ሃምሳ።

አልታመመም እኮ!
በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ ሲመታለት የኖረ
እዚህ ሃምሳ ሲሰጡት እግሩ ተሳሰረ፤
ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ይዞር የነበር በደቂቃ
ሦስት መቶ ዙር ጎድሎት ያዘግማል፣ በቃ።
ንፋስ ደግሞ ክፉ አበዳሪ ነው፤ ከዙር ስድስተኛው ቢጎድል
ከግፊት ሲሦ ግድም ወስዶ ነው የሚገላገል።

አባቴ ይህን ያውቅ ነበር፤ ቀጥቃጭ ነው፣ ወናፍ ገፊ።
ሰፈሩ ማረሻውን ከእጁ እየተቀበለ
ዓይኑን ግን ይሸሸው ነበር፣ «ቡዳ» እያለ።
«ብረቱን አትውቀስ» ይለኛል፣ «ብረት ምን አጠፋ?
እጅህን ጠይቀው፦ ወናፉ ስንቴ ተገፋ?»

ሣጥን ይዤ መጣሁ፣ የጫማ ካርቶን የምታህል፣
ግራጫ፣ ኢንቨርተር የምትባል።
ከግድግዳው የመጣውን ሞገድ ተቀብላ ትፈጫለች፣
ምቱን አጥፍታ፣ ቀጥ አድርጋ፣ በጎተራዋ ታኖራለች፤
ሃምሳም አይደል፣ ስልሳም አይደል፣ አገር የለው ለአፍታ።
ከዚያ ትከትፈዋለች፣ ያለ አንዳች ፋታ፣
በሦስት ክር ታወጣዋለች፣ አንዱ ሲወድቅ አንዱ ተነሥቶ፤
ሞተሩም የለመደውን ያገኛል፣ ካገሩ ርቆ፣ ባሕር ማዶ መጥቶ።

ቁጥር አስገባሁ።
መነሻ፦ ዐሥር ሴኮንድ፣ እንዳይደነግጥ።
ቮልቱና ምቱ አብረው ይውጡ፣ አንዱ አንዱን እንዳያመልጥ።
ጣሪያው ስልሳ።

ሃርም ጫነ። ከወለሉ ሥር ትንፋሽ መጣ፣
ዐሥራ ሁለት… ሠላሳ አምስት… ሃምሳን አልፎ ወጣ።
ትልቁ ቧንቧ ተናገረ። አግዳሚው ተንቀጠቀጠ፣
ጣሪያው የሚያነባበት ባልዲ፣ ውሃው ተናወጠ።
ፍራውከ ምንም አላለች። ጫማዋን አወለቀች፣
በካልሲዋ ፔዳሉን ረግጣ
አንዲቱን ድምፅ ብቻ ይዛ ቆየች።

ድንገት አቆመች።
«የሚያፏጭ ነገር አለ» አለች፣
«ኖታው ላይ የሌለ። ቀጭን። ትንኝ መሳይ።»
የእኔው ሣጥን ናት፤ ቢላዋዋ ሲከትፍ፣
በሴኮንድ አራት ሺህ ጊዜ፣ ሳያርፍ።
ምድር ቤት ተመልሼ ወደ ዐሥራ ስድስት ሺህ አወጣሁት።

«ጠፋ» አለች ፍራውከ።
«ጠፋ» አለ ሃርም፣ ከመጀመሪያውም ያልሰማው።
እኔም ጆሮዬን ጣልኩ። ሃምሳን ተሻግሬያለሁ፤ ጠፋልኝ።

የሃርም የልጅ ልጅ ግን፣ ኤልትየ፣ ሰባት ዓመቷ፣
ከባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ብላ
ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ይዛለች።
«አልጠፋም» አለች።
«ሽቅብ ወጣ እንጂ።»