የከሸፈው

በአይከል ገበያ፣ ከጨው ተራ ጀርባ፣
«የዝሆኔ አለ ወይ?» ስለው ቤት ስገባ፣
ሻጩ ሳቀብኝ፣ አገጩን በእጁ ይዞ፤
«እሱማ ከአያቴ ጋር ሄደ ተጉዞ።
የዛሬውን ውሰድ፤ ቀሊል ነው፣ አይራገጥም፣
ሩቅ ይደርሳል፣ ትከሻም አይቀጠቅጥም።»

ለአያ ማንደፍሮ ይህን ማን ይንገረው?
ዝናሩ ውስጥ ሰባት ብቻ ነው የቀረው፤
ሰባት፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ ግርጌያቸውን ቀለበት የዞራቸው፣
እሑድ እሑድ ቅቤ በነካ ጨርቅ የሚያሻቸው።
ዝሆኔን ፈረንጅ አዳኝ ነው ለአባቱ የተወለት፣
በቋራ ዱር ጎሽ በመንጋ በዋለበት።
ዛሬ ጎሹ የለም። የቀረው ከርከሮ፣
ማሽላ የሚገለብጥ ሌሊቱን ቆፍሮ።

ትናንት ማታ ልጁ ምስጋናው፣ በአዲሱ፣
ሠላሳውን ረጨው ሳይመለስ ትንፋሹ፤
አገዳ ወደቀ። ከርከሮው አልወደቀ።
አያ ተንበረከከ፤ አለመ፤ ጠበቀ፤
ምላጩን ሳበ።
ቀጭ።
ብቻ ቀጭ።
ከርከሮው እንኳ ዞር ብሎ አየው መሰለኝ።
«አርጅተናል» አለ፣ ከማን ጋር እንደሆነ ሳይነግረኝ፣
ቃታ ከፍቶ ሌላ አጎረሰ፤
ይሄኛው ጮኸ፤ ገደሉ ሦስት ጊዜ መለሰ።
ትከሻውን ይዞ ተቀመጠ፣ እየሳቀ፤
ከርከሮው ከቆመበት አንድ እርምጃ አልራቀ።

አሁን አምስት ናቸው። ሻጩ ልክ ነው፣ አልክድም፤
ጥይቱ ከገበያ የጠፋ ጠመንጃ ከምርኩዝ አይበልጥም።
ግን ያ የከሸፈው አልተጣለም፤ ዝናሩ ላይ አለ፤
ዛሬ እሑድ ነው፣ ከአምስቱ እኩል ቅቤውን ተቀብቶ ዋለ።