ቀሪ ሂሳብ

ከዓሣ ገበያው ኋላ፣ ከጎማ ቤቱ ፎቅ፣
ደረጃው የሚንቀጠቀጥ፣ ቀለሙ የሚላቀቅ፣
«የማኅበረሰብ ኮሌጅ» ይላል፣ ፊደሉን ፀሐይ የጠጣው፣
ሱር ከተማ ውስጥ እሱ ነው ከእኔ ኪስ የሚስማማው።
ለመንፈቅ ትምህርት አሥራ አምስት ሪያል፣
እሱም ሦስት ቦታ ተቆርጦ ይከፈላል።

ኤሲው ያፈሳል፤ ከሥሩ ባልዲ አለ፤
ሲሞላ የሚደፋ ተረኛ አለ።
ዛሬ ማሪቴስ ናት፣ ሳምንት ሙክሊስ ነው፣
ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ተራው የፋጢማ ነው።

ፋጢማ እኔ ነኝ። ደላላው ነው ያወጣልኝ፣
ደሴ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ሻሽ አሳስሮ ሲያስነሳኝ።
«ይሄ ይሻልሻል» አለ እንጂ አልጠየቀኝም፤
ደብሪቱን እዚያው ወንበር ላይ ትቻት ወጣሁ፣
ዞሬም አላየኋትም።

መምህር ባቢክር፣ የገዳሪፍ ሰው፣
ትከሻው የጎበጠ፣ ጠመኔ ያለበሰው፣
ቀይ እስክሪብቶ ከጆሮው አውጥቶ ስም ይጠራል፦
«ፋጢማ?» «ሐዲራ» እላለሁ። ራይት ያደርጋል።
ያልተጠራችዋን ማንም አይፈልጋትም።
ቀሪ ናት፤ ግን ቀሪ ተብላም አልተጻፈችም።

የምንማረው የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ነው፦
ባንዱ ዓምድ ገቢ፣ ባንዱ ወጪ፣ ከታች ቀሪው።
እሱ በዐረብኛ ይላል፣ እኔ ባማርኛ እጽፋለሁ፣
ስጽፈው ቃሉ እጄ ላይ ሲገላበጥ አያለሁ፦
ገቢ ማለት፣ አገሩ የገባ፤
ወጪ ማለት፣ ሌሊት የወጣች፣ ነጠላዋን ተከናንባ፤
ቀሪ ማለት…
ልጽፍ ብዬ ተውኩት፣
ሁለት መስመር ባዶ ትቼ ገጹን ገለበጥኩት።

ማማ ሸምሳ፣ የምጦራት አሮጊት፣
ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰው ግን ታነባለች ከፊት።
«አርብ አርብ ወዴት ነው?» ትላለች፤ «ትምህርት» እላለሁ፤
«ለሠራተኛ ትምህርት?» ስትል፣ የታጠበ ሳህን አጥባለሁ።
ሦስት አርብ አስቀረችኝ፤ ሦስት ቀይ ኤክስ ለፋጢማ፤
እኔ ወጥ ቤት ቅርፊት ስፍቅ፣ ዓሣ ስሸት እስከ ጨለማ።

አንድ ማታ የሱቁን የዱቤ ደብተር አወጣች፣
«ይሄ ሰውዬ ስንት ይለኛል?» ብላ ጭኔ ላይ ጣለች።
ሩዙ ሁለቴ ተጽፏል፣ ቀን ሰባትም ቀን ዘጠኝም፤
አራት ሪያል ከሁለት መቶ ባይሳ፤ ብዙ አይደለም።
ነገርኳት። ዝም። «ደግ አደረግሽ» እንኳ አላለችኝም።
አርብ ሰባት ሰዓት ላይ ጫማዬን ሳየው፣
ሰው ነክቶታል፤ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ ነው።

የዚያን ዕለት ትምህርቱ ስለ ስሕተት ነበር።
«መዝገብ» አለ ባቢክር፣ «ላጲስ አይነካውም፣
ነጭ ቀለምም አትቀቡ፤ የተደበቀ አይታመንም።
የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙ፣
የድሮው ይነበብ፤ ልኩን ከላዩ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ቀን ያዙ።»

እጄን አወጣሁ። «ስምስ? ስም እንዲህ ይታረማል?»
ሙክሊስ ሳቀ። ባልዲው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ባቢክር መነጽሩን ጠረገ፤ ሲጠርግ ቆየ።
«ምስክር ወረቀቱ ከኢቃማው ጋር ነው የሚሄደው፣ ልጄ፣
እዚያ ድረስ አይደርስም እጄ።
ደብተሩ ግን ያንቺ ነው።»

ሽፋኑ ላይ፣ «ፋጢማ» ላይ፣
አንድ መስመር አሰመርኩ፤ ቀጭን፣ የታችኛውን የሚያሳይ።
ከላዩ በራሴ ፊደል፦ ደብሪቱ።
«ሪ» ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እግሯ ትንሽ ረዘመ።
ፈረምኩ። ቀን ልጽፍ ስል፣
በየትኛው አቆጣጠር? ብዕሬ ቆመ።
ሁለቱንም ጻፍኩ።

ባልዲው ሞልቶ ሊፈስ ነው።
«ተራው የፋጢማ ነው» አሉ።
ደብሪቱ ተነስታ ደፋችው።