ኖራ

ከባቲ ነው የመጣው፣ ሌሊቱን ሲነዳ፣
በሸራ የተጀቦነ ሰማያዊ በርሜል፣ አርባ ሁለት ዕዳ።
ደምስ ፍሬን አልበጠሰ፣ እንቅልፍም አልጣለው፤
ድልድዩ አፋፍ ላይ አህያ ገባና መሪውን ቢያዞረው፣
ገመዱ ነው የከዳው።

ሦስት በርሜል ወደቀ። የአንዱ አፍ ተከፈተ።
ውሃ የመሰለ ነገር አስፋልቱን አራሰ፣ ወደ ቦዩ ተጎተተ።

እኔ የቆዳ ፋብሪካው መጋዘን ሠራተኛ ነኝ፤
ሽታውን አውቀዋለሁ፣ ስንቴ ዓይኔን አስለቀሰኝ።
የኮምጣጤ ታላቅ ወንድም ነው፣ አመለኛው።
ጉንዳን ሲነክስህ ቆዳህ ላይ የሚተወው
እሱኑ ነው ይላሉ፤ አንድ ጉንዳን፣ አንድ ጠብታ።
እዚህ ግን ሁለት መቶ ሊትር ጉንዳን ነው
ኮምቦልቻ መሐል የተፈታ።

ሰዉ ግን «ነዳጅ ነው!» አለ።
አንዱ ካለ በቃ፣ ወሬ ከንፋስ ቀደመ፤
ቢጫ ጀሪካን፣ የዘይት ጣሳ፣ ባልዲ ከየጓዳው ታደመ።

ጦይባ ቀድማ ደረሰች፣
ከቦርከና ዳር፣ ከቆስጣዋ መደብ፣ ጭቃው እጇ ላይ እንዳለ።
ፓምፗ ቤንዚን ነው የሚጠጣ፤
ቤንዚን ደግሞ... ተዉት እሱን፣ የት አለ።

እኔ ጮህኩ? አልጮህኩም።
ወረቀቱ ነበረኝ እኮ፣
መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከደረሰኝ ጥራዝ ሥር፤
በቀይ መስመር የታጠረ እሳት፣ እጅ የሚበላ ጠብታ፣ የራስ ቅል።
ሲመጣ ፈርሜ ተቀብያለሁ፣ በየጊዜው፣ በየጭነቱ።
አንብቤው አላውቅም።

ኑርዬ መጣ፣ ከከተማው እሳት አደጋ፣
በአንድ መኪና፣ ከሁለት ልጅ ጋር።
የደሴው እርዳታ ሐረጎን ገና አልወረደም።
መጀመሪያ የጠየቀው ስለ በርሜሉ አልነበረም።
ጎንበስ ብሎ ደረቅ ሣር ነጨ፣ ወደ ላይ በተነው፣
ሣሩ የሄደበትን አየና
«ሽሹ! ወዲህ፣ ወደ ላይ! ንፋሱን በጀርባችሁ!
ሞተር አጥፉ! ሲጋራ አጥፉ! ልጆቻችሁን ያዙ፣ ልጆቻችሁን!»
እንፋሎቱ አይታይም። ከአየር ይከብዳል፤
እንደ ሌባ ጎብጦ፣ ቦይ ለቦይ ይሄዳል።

ጦይባ ጀሪካኗን ነክራ ነበር።
«ጉንዳን መሰለኝ» አለች በኋላ፣
«ጉንዳን መስሎኝ ላራግፈው አልኩ።»
አልተሳሳተችም።

ኑርዬ እጅጌዋን በመቀስ ቀደደው፣ ቧንቧውን ከፈተው።
«ሃያ ደቂቃ» አለው ልጁን፣ «ሰዓትህን እያየህ፣
ብትለምንህም፣ ብትሰድብህም እንዳትዘጋው።
አብሽሪ እቴ፣ አብሽሪ።»
ከዚያ ወደኛ ዞረ፣ «ኖራ ያለው ማነው?»

ያኔ ነው ምላሴ የተፈታው።
«እኛ ዘንድ!» አልኩ፣ «እኛ ዘንድ አለ!»
ጠጉር የምናረግፍበት፣ ጫማችንን የሚያነጣ፣
ከመጋዘኑ ጀርባ የተከመረ፣ ስንረግመው የኖርን።
በጋሪ አመጣን፣ በባጃጅ አመጣን፣ በትከሻ አመጣን።
መጀመሪያ አሸዋ፣ የቦዩ አፍ ላይ፣ ወንዙ እንዳይቀምሰው፤
ከዚያ ኖራ፣ «ከዳር! በጥቂት በጥቂቱ!
ከተጣደፋችሁ ይፈላባችኋል፣ ቀስ!»
ሿ አለ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ሞቀ፣
ሲቆጣ ቆይቶ እንደደከመው ሰው ዝም አለ።

የደሴው መኪና ሲደርስ ረፍዷል፣ መንገዱ ነጭ ነው።
ደምስ ጠርዙ ላይ ተቀምጧል፣ የተበጠሰውን ገመድ ይዞ።
አህያው ሣር ይግጣል። ባለቤቱን እስከዛሬ አላወቅነው።

ወረቀቱን አሁን በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ፣
በአማርኛ፣ በእጅ ጽሕፈቴ፤ የሚያነብ ያንብበው።
ስንት ዓመት ቆዳ ቆጠርኩ፣ ቆዳ መዘንኩ፣
ያንን ቀኝ እጅ ግን ትክ ብዬ ማየት አቃተኝ።
ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆስጣ በሦስት ጣት አሥራ፣
«ጨምሬልሃለሁ፣ ጎረቤት» ብላ ሰጠችኝ።

ቦርከናን ምን አዳነው ይሉኛል፣ ኖራ እላለሁ።
ጦይባስ ይሉኛል።
ይኸው፣ ኖራ አየኋት።