የልስን ፍርፋሪ

ካናዛዋ ስትተኛ ነው የሚትሱዮ ሥራ፤
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ በረዶው ብቻ ሲያበራ።
የብረት ዘንግ አላት፤ አንዱን ጫፍ አስፋልት ላይ ተክላ፣
ትንፋሿን ይዛ፣ ጆሮዋን ወደ ሌላው ጫፍ አዘንብላ፣
«መንገዱ ሳይሰምጥ» አለችኝ አንዴ፣ «ሳይፈርስ የማንም ደጃፍ፣
የተሰነጠቀ ቧንቧ ይናገራል፤ ሹክ ይላል በቀጭን አፍ።»

እኔ ደግሞ የሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ነኝ፤
ደም እቆጥራለሁ። እንቅልፍም እንደ እሷው አያውቀኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ነርሷ ግራ አንጓዋን ይዛ ለወጠች ጣት፤
የእጅ ሰዓቷን አየች፤ የቆመው ሰዓቱ መሰላት።
ሚትሱዮ ቆማ ትስቃለች፣ እጇ ግን ዝም፤
በሕይወት ያለች ሰው ናት፤ ደም ሥሯ አይመታም።
«ትርታ የለሽ» ይሉት ነበር ድሮ፤ ትልልቆቹን ደም ሥሮች ይዞ
ግድግዳቸውን ያነድዳል፣ የገዛ ዘበኛ ሰይፍ መዞ።
ከውጭ ስትታይ ደህና ናት፤ ውስጡን ግን ለቄስ፤
ደሟ በጠበበው በር ያልፋል፣ ሁልጊዜ ጎንበስ ጎንበስ።

ዛሬ ሦስት ቱቦ መጣልኝ በስሟ።
አንዱን ቀጥ አድርጌ አቆምኩት፤ በአንድ ሰዓት ስንት ይዘቅጣል ደሟ?
ዘጠኝ ሚሊሜትር። ደህና። ማሽኑ የብግነቱን ፕሮቲን ለካው፤
«እሳት የለም» ብሎ ጻፈ፤ አመዱን እጁ ሳይነካው።
ዶክተር ኦኩዳይራ ደስ ብሏቸዋል፤ ያን ፊት የሚያሳብጥ ክኒን
ሊቀንሱላት ነው፣ ከሰኞ ጀምሮ፣ ግማሹን።

ሦስተኛው ቱቦ ለጥናት ነው፤ ውጤቱ ካርድ ላይ አይሰፍርም።
ስንት ሲሆን እንደሚያስፈራ የወሰነ የለም፣ እስካሁን ማንም።
በማግኔት ዶቃ አጥምጄ አወጣሁ፤ በአረንጓዴ ብርሃን ሥር
የግድግዳዋ ልስን ፍርፋሪ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሲቆጠር።
የደም ሴል አይደሉም። ደም ውስጥ ቤት የላቸውም።
የደም ሥሯ የውስጥ ልባስ ናቸው፤ ካልተላጡ አይወጡም።
ወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ ሣር ከነሥሩ እንደማየት ነው፤
ሣሩ አይደለም የሚያሳስበው፤ የተገመሰው ዳር የት ነው?

አሥራ አንድ።
እጄን ታጥቤ እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።
ባለፈው ጥቅምት አራት ነበር። ማሽኑ የለም ያለው ይሆን
ከግድግዳው በስተጀርባ የሚነድ?
ወይስ መርፌው ነው የላጣቸው፣ ክንዷን ወግቶ ሲገባ?
ወይስ ዓይኔ ነው፣ ደክሞት፣ ዶቃን ከሴል ያጋባ?
የማላውቀውን አላውቅም። ቁጥሩ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤
ዝም ብሎ መፈረም ግን እጄ አልቻለም።

ስልክ አነሳሁ። ዶክተሩ ዝም አሉ፤ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።
«ቁጥሩ ምን ማለት ነው?» «አላውቅም» አልኩ። «ግን ፈራሁ።»
«እንግዲያው ክኒኑ ባለበት ይቆይ፤ አንገትና ደረቷ ምስል ይነሣ።»
እኔ ፊቷን አሰብኩ፣ በዚያ ክኒን ያበጠ፣ መስታወት ያስረሳ።

በማለዳ መጣች፤ ዘንጓን አስደግፋ ከበሩ ደጃፍ።
ነገርኳት። እንደ ሥራዋ ሰማችኝ፣ ቃል ሳታተርፍ።
ከዚያ ዘንጉን አንስታ ግራ አንገቷ ሥር፣ አጥንቱ ላይ አስነካች፤
ሌላውን ጫፍ ወደ ጆሮዬ፣ «ስሚ» አለች።

ሽው... ሽው... በበር ስንጥቅ እንደሚያፏጭ ንፋስ።

«ይሄ መፍሰስ አይደለም» አለች፣ «ጥበት ነው፤ ድምፁን እለያለሁ።
የዛገ ቧንቧ ነው እንዲህ የሚለው። ከወንዙ ማዶ አንድ አውቃለሁ፤
አሥራ ስድስት ዓመት አፏጨ፤ እስከ ዛሬ ሻይ ይፈላበታል ውሃው።»
ሳቀች። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃም አለ፤ እኔ እሱን ነው የምፈራው።

ወደ ምድር ቤቴ ወረድኩ። አጉሊ መነጽሩ እንደበራ ነበር።
አሥራ ሁለተኛ ይኖር ይሆን? ወንበሬን ስቤ ጀመርኩ፣ ከዳር።