አሥራ ዘጠነኛው ቀን

ቅጹ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጡጦው ጎን ተኝቷል፤
"ስም" ከሚለው ፊት ለፊት ነጭ ሜዳ ተዘርግቷል።
ሕጉ ሃያ አንድ ቀን ሰጥቶን ነበር፣
አሥራ ዘጠኙ አለቀ በክርክር።

ግዲኒያ ወደብ ላይ በረዶው ተሰባብሮ ይዋኛል፤
ቪቶልድ ከመርከብ ብየዳ ገብቶ እጁን ይታጠባል።
አፖሎንያ ይላል፤ ሙሉውን፣ ምንም ሳይሸርፍ፣
እንደ ሰፊ ካፖርት፣ ከትከሻ እንደሚተርፍ፦
"ታድግበታለች፤ እጅጌው ይደርሳታል አንድ ቀን፤
ዲፕሎማዋ ላይ፣ የቢሮዋ በር ላይ፣ ስሟን
ሰው ቆሞ ያነበዋል። ፖላማ ስም ነው እንዴ?
ለቡችላ ካልሆነ፣ ለዳኛ ይሆናል እንዴ?"

እኔ ደግሞ፦ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው።
ግቢ ወርዳ ስትጫወት፣ ሾርባው ሲቀዘቅዝ፣
አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ስጣራ
"አፖሎንያ" ብዬ እስክጨርስ ትንፋሽ ከየት ላምጣ?
ፖላ፦ ከንፈር ተገጥሞ፣ ምላስ አንዴ ዞሮ፣
እንደ ኳስ ይደርሳታል ከላይ ተወርውሮ።

አማቴ ከሱቫውኪ ደውላ "አትጨቃጨቁ" አለች፤
እሷ እንደሆነች "ፖሉንያ"ን፣ "ፖሌችካ"ን ጀምራለች።
ልጅቷ ሌሊት ታለቅሳለች፤ ለየትኛውም አትዞርም፤
ሲነጋጋ ትተኛለች፤ እኛ ግን አንተኛም።

ዛሬ ዡታ ትዝ አለችኝ።

የእናቴ አክስት ዡታ፤ በገበያው አዳራሽ ውስጥ
አርባ ዓመት የጢስ ዓሣ የምትሸጥ፤
ሚዛኑን በአውራ ጣቷ ጫን የምታደርግ፣
ለነፍሰ ጡር ሲሆን ግን መርቃ የምትጨምር፤
መርከበኛው፣ ፖሊሱ፣ ሌባውም ሳይቀር
"ዡታ!" እያለ ከሩቅ የሚጣራት።

ሞተች በየካቲት። ደብሩ በር ላይ ተለጠፈ ወረቀት፣
ዙሪያው በጥቁር የታጠረ፤ ፊደሉ ጉልህ፣ ያለ ስህተት፦
"ዩዜፋ ኩናት፣ ሰማንያ አንድ ዓመት።"

ትክክል ነበር። መታወቂያዋም ይኸንኑ ነው የሚለው።
ሰው ቆሞ አነበበ፤ "ነፍስ ይማር፤ ማን ትሆን?" ብሎ አለፈው።
አንዷ፣ ሠላሳ ዓመት ከዡታ እጅ ዓሣ የበላች፣
ለማታውቃት ዩዜፋ አማትባ ወደ ገበያ ዘለቀች፤
የዡታን መደብ ዝግ አገኘችው፤
ተናደደች።

ቀብሩ ላይ አምስት ሰው ነበርን፣ አዲሱን ቄስ ጨምሮ።
እስከ ፋሲካ ድረስ እናቴን መንገድ ላይ ያስቆሟት ነበር፦
"ዡታስ? ተጣልታን ነው? ወይስ ለወጠች ሰፈር?"

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል።
የትኛው?

ይኼን ስነግረው ቪቶልድ ሳሙናው እጁ ላይ ደረቀ።
ዝም አለ፤ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦
"እናቴ ስትሞት" አለ፣ "ቪቴክ የሚለኝ ሰው አለቀ።"

በሃያኛው ቀን ሄድን።
ጸሐፊዋ ብዕሯን አንስታ "ስም?" ስትል፣
አፖሎንያ ያልኩት እኔ ነኝ። ቪቶልድ አፉን ከፍቶ ቀረ።
ቁልምጫ በማኅተም አይሰጥም፤
ከተሰጠማ ቁልምጫነቱ ቀረ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አለቀሰች፤
ያ ዳኛ የሚያሳድገው ሰውዬ
"ፖላ፣ ፖልካ፣ ፖሉሽ" እያለ ያባብላት ጀመር።
እኔ መስኮቱን አየሁ፣ እንዳልሰማሁ መስዬ።

ማታ ሁለቱም ሲተኙ፣
የመብራት ደረሰኝ የሚቀመጥበትን መሳቢያ ከፍቼ
ቁራጭ ወረቀት ከታች አኖርኩ፣ እንዲህ ጽፌ፦

ልጄ፣ ገና ሃያ ቀንሽ ነው፤ ይቅር በይኝ።
ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ ከመቶም፣ በር ላይ ሲለጥፉሽ
ሁለቱንም ይጻፉ፤ አፖሎንያን በትልቁ፣
ፖላን ከሥሩ፤
ማንም መደብሽን ዝግ አግኝቶ
እንዳይናደድብሽ።