መሬት ላይ የቀረ ድምፅ

ቦራ የተነሣ ለት ገመድ ይወጠራል በትሪየስቴ መንገድ፣
ፖስተኛው በገመድ፣ ነፍሰ ጡር በገመድ፣ ዓሣ ሻጭ በገመድ።
ቆብ የያዘ የለም፤ ቆቡ ቀድሞ ሄዷል፣
ባለቤቱ ኋላ «ጠብቀኝ» ይለዋል።

እኛ ግን ያን ዕለት ገመዱን ለቅቀናል፣
የባሕር ትምህርት ቤት ልጆች ነን፤ ነፋስ ተጫምተናል።
«እኛ» ስል ለልማድ ነው፤ እኔስ በርሬ አላውቅም፣
የተሰበረን እግር ያ ጫማ አይወድም።

እኔ ጠሪ ነኝ።
ከወደቡ ጫፍ ላይ አንገቴን አቅንቼ፣
ባቄላ በምታህል ማዳመጫ ገብቼ
ከበራሪዬ ጆሮ፣
«ግራ… ዝቅ… አሁን!» ማለት ነው የኔ ኑሮ።

ጨዋታው «አራት ደወል» ይባላል።
አራት ፊኛ ከባሕሩ በላይ፤ በየፊኛው ሥር ደወል ተንጠልጥሏል።
ቀድሞ ያንኳኳ ነጥቡን ይወስዳል፣
የባላጋራን ጀርባ በመዳፉ የነካም ይቆጠርለታል፤
ውኃ የነካ ግን፣ በጫማው ጫፍ እንኳ ቢሆን፣
ፎጣ ይሰጠዋል።

ኒቬስ የኔ በራሪ ናት፤ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣
የምድጃ ጠባሳ አለባት በግራ እጅ።
ሦስት ዓመት ጆሮዋ ውስጥ ኖሬ ለምጃለሁ ቤቱን፤
ቀኝ ልትታጠፍ ስትል ትይዛለች ትንፋሿን፣
ስትፈራ በአያቷ ቋንቋ፣ በስሎቬንኛ፣ ትቆጥራለች፣
ዐሥር ላይ ስትደርስ ትስቃለች።
ይህን ማወቄን አታውቅም።

ክረምቱን በጠዋት፣ ጀልባ ሳይነሣ፣
እሷ ከፊኛ ፊኛ፣ እኔ ከሣጥን ሣጥን የሳርዲን ዓሣ
ስንዘል ከረምን።
አባቷ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይልክልን ነበር፤
የሷን ድርሻ ከሹራቤ ሥር ሸሽጌ
እስክትወርድ አሞቅላት ነበር።

ለፍጻሜው ሪየካዎች መጡ፤ ቬድራና የምትባል
ቀጭን ልጅ አላቸው፤ ስትቆም መርፌ ናት፣ ስትበር ክሩ ይከተላል።
ጠሪዋ በጉንፋን ድምፁ ተዘግቶ
ካውቶቡሱ ቀርቷል፣ በሻርፕ ተጀቡኖ፣ አንገቱን ደፍቶ።
«ብቻዬን እበራለሁ» አለች። ዳኛው ፈቀደ።
ፊሽካ ተነፋ። ቦራ ከካርሶ አምባ ወረደ።

ሁለት ለሁለት ሆኑ። የቀረው አራተኛው ደወል ነው፤
ሁለቱም ሽቅብ ናቸው፣ ሰማዩ ጠበባቸው።
ያኔ ኒቬስ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች፣
ባቄላዬን ነቅላ ወደ ባሕር ለቀቀች።

«ከኋላሽ!» አልኩኝ፤ «ከፀሐይ በኩል! ዝቅ!»
ድምፄ ከባሕር ሥር ዓሣ ሲያስደነግጥ፣ ሲያስጨንቅ፣
የቬድራና መዳፍ፣ በቀስታ፣ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው፣
የኒቬስን ጀርባ ዳሰሰው።

ተሸነፍን።

ስትወርድ ፀጉሯ ቆሞ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣
አሠልጣኙ «ለፍትሕ ብላ ነው» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።
ሰው አጨበጨበ። እኔም ቂሜን ሸሽጌ
አጨበጨብኩ፣ እንዳይሰማ፣ ወፍራም ጓንት አድርጌ።

ኋላ ግን፣ ጫማዋን ስትፈታ፣ «ውሸት ነው» አለችኝ።
«ለሷ አዝኜ አይደለም።
እዚያ ላይ፣ ያለ አንተ፣ ምን እንደሚሰማ ልወቅ ብዬ ነው።»
«ምን ይሰማል?»
«ፊኛው ይንቋቋል፣ እንደ አሮጌ አልጋ።
ሌላ ምንም።» ቆየት ብላ፣ «ሌላ ምንም» አለች ደግማ።
ፊቷ ላይ ያየሁት ሽንፈት አልነበረም፤
ስሙን ግን እስካሁን አላገኘሁለትም።

ወደ ቤት ስመለስ ገመዱን ይዣለሁ፣
ፖስተኛው ከፊቴ ነው፤ ጀርባውን አያለሁ።
ከወዲያ ማዶ አንድ ቆብ፣ ጥቁር፣ ባለቤት አልባ፣
ባየር እየተንከባለለ ወደኛ መንገድ ሲገባ፣
«ዝቅ!» አልኩት፣ ሳላስበው።
ዝቅ አለ። ቆቡ አለፈው።
ዞሮ እንኳ አላየኝም፤
ገመዱን ጨብጦ መንገዱን ቀጠለ።